ከቤቱ በታች ያለ ሳጥን

በ2001 ዓ.ም. ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የሕፃናት ክትባት መዝገብን ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እኔ ነበርኩ። መዝገቡ በሚቀመጥበት ኤክስኤምኤል በሚባል ፋይል ውስጥ ሁሉም ነገር ሳጥን በሳጥን ነው፤ ቀበሌው ውስጥ ቤት፣ ቤቱ ውስጥ ልጅ። የጻፍኩት ቴምፕሌት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በየቤቱ እየገባ የልጆቹን ስምና ዕድሜ ወረቀት ላይ ያወጣል።

መጀመሪያ የሞከርኩት በራሴ ቤት፣ በቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። ልጅ ስለሌለን ባዶ መውጣት ነበረበት፤ የወጣው ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦

«ልጅ፦ ዮናታን። ዕድሜ፦ ሦስት።»

ልጃችን ከሦስት ዓመት በፊት ስም ሳይወጣለት ሞቷል። ዮናታን ልለው በልቤ አስቤ ነበር፤ ለባለቤቴ ለማርታ እንኳ አልነገርኳትም። ሐኪሙ ሌላ ልጅ እንደማይኖረን ነግሮናል። ከዚያ ወዲህ ማርታ የምትተኛው ጓዳ ባለው አልጋችን ጫፍ ላይ ነው፤ ግድግዳው ጥግ ማንንም አታስተኛም። እኔ ሳሎን ነው የማድረው።

ፋይሉን ከፍቼ ፈለግኩ። በቤቴ ሥር ልጅ የለም።

«ቴምፕሌቱ የሌላ ቤት ልጅ እየጠራብህ ይሆናል፣ ሄራሞ» አለችኝ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ብርቅዬ። «ከየት እንዳመጣው ራሱን አስጽፈው።»

እውነቷን ነው። ልጁ ያለበትን ቦታ ከላይ ጀምሮ በቅደም ተከተል እንዲጽፍ አዘዝኩት። እኔ በሠራሁት ፋይል ውስጥ ከቤቱ በታች ከልጅ በቀር ሌላ ሳጥን የለም።

ወረቀቱ ወጣ። ብርቅዬ አንስታ አነበበችልኝ።

«ቀበሌ፣ ዜሮ ሁለት። ቤት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ጓዳ። አልጋ። ግድግዳው ጥግ።»