ግድግዳ የበሳው ገመድ

ወይዘሮ ጥሩወርቅና ጎረቤቷ አስናቀ በፍሳሽ ቱቦ ከተጣሉ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ተነፋፍገዋል። በደጉ ጊዜ እሱ ከቴሌቪዥኑ ዲኮደር ስቦ፣ የጋራ ግድግዳቸውን በስቶ ያስገባላት ገመድ ግን አልተነቀለም። የዲሽ ኩባንያው የሚያውቀው አንድ ደንበኛ ነው፤ የሚታየው ግን በሁለት ቤት። ወርሃዊውን የሚከፍለውም፣ ሪሞቱን የሚይዘውም አስናቀ ስለሆነ፣ እሱ የከፈተውን እሷም ታያለች።

ማታ ማታ ድራማዋ ሊጀምር ሲል ጣቢያው ወደዚያው ይቀየራል።

«ለእኔ ብሎ መሰላችሁ? ራሱ ሱስ ሆኖበት ነው!» ትላለች ለሰው።

አንድ ምሽት የድራማው ሰዓት ደርሶ ጣቢያው ዜናው ላይ ቀረ። «አሁን ደግሞ በዚህ መጣብኝ!» ብላ ግድግዳውን በጡጫ ደበደበች። በማግስቱ ጠዋት ከእነ አስናቀ ቤት የለቅሶ ድምፅ ሰማች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። የአስናቀ አልጋ ከድሮ ቦታው ተነስቶ ከጋራ ግድግዳቸው ተጠግቷል። ራስጌው ላይ የዲኮደሩ መብራት እንደበራ ነው። የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ግን ባዶውን ቆሟል።

«ቴሌቪዥኑስ?» አለች፣ የምትለው ቢጠፋት።

«አምና ለመድኃኒት ሸጥነው እኮ፣ እትዬ» አለች የአስናቀ ልጅ እንባዋን እየጠረገች። «ወርሃዊውን ግን አንዴም አላሳለፈም። ‹ምን ያደርግልሃል፣ አባዬ?› ስንለው፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ‹ዝም በሉ፣ ድራማው ተጀምሯል› ይለን ነበር።»