እባክሽ አትብሪ

«ልልቀቀው?» አልኩ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ቆይ» አለችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ። የመጨረሻውን መድኃኒት ከፕሮቲኑ ጋር ቀላቅላ፣ ቱቦውን ትልቁ ማግኔት ውስጥ አውርዳዋለች። ከዚህ ወዲያ የምትሞክረው የላትም።

ይህ ፕሮቲን የቤታችን ጠላት ነው። ከአባታችን መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ምላሱን፣ በመጨረሻም ትንፋሹን ወሰደ። እሷን ዘለላትና እኔ ላይ መጣ፤ አሁን እጄ ላይ ደርሷል። ኬሚስት የሆነችው ለዚሁ ነው። እኔ የዚህ ማሽን ሠራተኛ የሆንኩት ግን እሷን ለማናደድ ነው እላለሁ።

ውሃውን ከትናንት ጀምሮ ከበረዶ ይበልጥ አቀዝቅዤ፣ ጉልበት እንዲያጠራቅም በማይክሮዌቭ ሞገድ ስወቅጠው ነበር። በድንገት አቅልጬ ፕሮቲኑ ላይ ስለቀው፣ የነካውን ቦታ ሁሉ ስክሪኑ ላይ በነጥብ ያበራዋል። መድኃኒቱ የሸፈነውን ቦታ ግን ውሃ አያገኘውም። ሌላው ሰው እንዲበራለት ይጸልያል፤ እኛ ግን መድኃኒቱ ሊሸፍናት የሚገባው አንዲት ነጥብ እንዳትበራ።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አልኳት።

«ሟርተኛ! በል ልቀቀው።»

ተጫንኩት። ውሃው በቧንቧው ሽው ብሎ አለፈ። ባዶ የነበረው ስክሪን በነጥብ ተሞላ።

«ከወትሮው መቶ እጥፍ!» አለቃችን ከኋላችን አጨበጨቡ። «እንዲህ ደምቆ አይቼው አላውቅም! እንኳን ደስ አላችሁ ልጆቼ!» በውሃ የማብራቱ ዘዴ የእሳቸው ነው፤ ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም። እጄም የሚንቀጠቀጠው ቡና ስለማበዛ ይመስላቸዋል።

እኔ የማየው ከታች በስተግራ ያለችውን ነጥብ ብቻ ነው። በርታለች። እንዲያውም ከጎረቤቶቿ ሁሉ ደምቃለች። ፈራሁ።

«እትዬ፣ የመድኃኒቱ መጠን አንሶ ይሆናል» አልኩ እንደምንም።

«አላነሰም።»

«እሺ፣ ሌላ ትሠሪያለሽ።»

«በምን ጊዜ?» አለችኝ።

አለቃችን ሰው ሊጠሩ ወጡ፤ በኮሪደሩ ሲሮጡ ይሰማል። እትዬ አላለቀሰችም። ወደ እኔም አልዞረችም። እጇን ዘርግታ ያቺን ነጥብ በአውራ ጣቷ ሸፈነቻት፤ ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ስክሪኑን ተጭናዋለች።