የፕሮሰሰሯ እግሮች

ብሎኗ እንደገና ከካቻቢቴው ጫፍ አምልጣ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች። አባቴ ሳቅ አለ። «የዘንድሮ ብሎን ደግሞ ቅብጥብጥ ናት» ብሎ መብራቱን እንዳቀርብለት ጠየቀኝ። አቀረብኩለት። ቀጥሎ ጠረጴዛው ይነቃነቃል አለ። እናቴ ካርቶን አጥፋ ከጠረጴዛው እግር ስር ወሸቀችለት። ጠረጴዛው ግን ቀድሞውንም አይነቃነቅም ነበር።

የምንገጥመው ለእኔ ኮምፒውተር ነው። መሥሪያ ቤቴ ከሰኞ ጀምሮ ጸሐፊዎች ከቤታቸው ይሠራሉ ብሏል፤ ኮምፒውተር የሌለው ግን እንደሌለ ይቆጠራል። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ዕቃውን ለየብቻ ለቃቀምኩ። ኬዙ፣ ማለትም ሣጥኑ፣ ጎኑ የተጫረ አሮጌ ነው። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነችው ፕሮሰሰር ከተጣለ የቢሮ ኮምፒውተር የወጣች ናት፤ ስክሪኑን አክስቴ ሰጠችኝ። ለጽሑፍና ለሂሳብ ከበቃኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? የቀረውን የሸጠልኝ ባለሱቅ እዚያው ልግጠምልሽ ብሎኝ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ የዕቃውን ከረጢት ከእጄ ነጠቀኝ። የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ ሆነሽ ብሎን ለማጥበቅ ሰው ደጅ ትቆሚያለሽ ወይ አለ።

እውነቱን ነው። እኔ ያደግኩት የተቃጠለ ሽቦ በሚሸተው ጠባብ ሱቁ ውስጥ ነው። ሞተ የተባለ ሬዲዮ ሁሉ እሱ እጅ ላይ ሲደርስ ይናገር ስለነበር የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለው ነበር። ሱቁን ሲዘጋ፣ ዘንድሮ ሰው የተበላሸ ይጥላል እንጂ አያስጠግንም አለን። እኛም አመንነው።

ፕሮሰሰሯ ከብስኩት ያነሰች ጠፍጣፋ ነገር ናት። ሆዷን እንደ ብሩሽ ፀጉር የቀጠኑ ወርቃማ እግሮች ሞልተውታል። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ለእያንዳንዱ እግር ቀዳዳ አለው። ጥግና ጥጉን ካስተካከሉላት ሳይጫኗት በራሷ ትገባለች።

አባቴ ጠርዟን በሁለት ጣቱ ይዞ አነሳት። እጁን ያየሁት ያኔ ነው። መንቀጥቀጡ ትንሽ ነው። ወደ ቀዳዳዎቹ በተጠጋ ቁጥር ግን ይብስበታል። ክርኑን አስደገፈ፣ ትንፋሹን ዋጠ። ፕሮሰሰሯ ቦርዱን ነካ አድርጋ ተመለሰች።

«እኔ ላስገባት» ልል አፌን ስከፍት ከኋላው የቆመችው እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ተይ ማለቷ ነው። ተውኩት። ዕቃው የእኔ ነው፣ ሰኞም የእኔ ናት፤ እጁ ግን የእሱ ነው።

ፕሮሰሰሯ ከአባቴ ጣቶች መሀል ሾልካ በሆዷ ወደቀች። እይዛታለሁ ሲል ደግሞ በመዳፉ ተጫናት። ሲያነሳት በአንዱ ጥግ ያሉት እግሮች ነፋስ እንደመታው ሣር ተኝተዋል።

ምንም አይደል አለ። ከዚህ የቀጠነ ስንቱን አቅንቻለሁ፣ ወረንጦውን አቀብዪኝ አለኝ። አቀበልኩት። እምቢ የምልበት አንደበት ከየት ላምጣ?

በግራ እጁ የቀኝ አንጓውን ጥፍር አድርጎ ያዘ። አንዷን እግር በወረንጦው ጫፍ ይዞ ቀስ ብሎ አቀናት። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ሌላዋን ያዘ። ቀና ማለት ስትጀምር እጁ ድንገት ዘለለና እግሯ ተቆርጣ ወረንጦው ላይ ቀረች። ድምፅ እንኳ አልነበራትም።

ወረንጦውን አስቀምጦ ብርድ እንደያዘው ልጅ እጆቹን ጭኑ መሀል ከተተ። ውጭ ጎረቤታችን መኪናውን ያጥባል፤ የውሃው ድምፅ እስከ ቤት ይሰማል።

«ሱቁን የዘጋሁት» አለ ቦርዱን እያየ፣ «ሰው ሬዲዮ ስለተወ አይደለም።»

እናቴን አየኋት። መሬት መሬት እያየች በለሆሳስ ነገረችኝ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምትቆልፍለት እሷ ናት። ሐኪሙ ያዘዘለት ክኒን ያን ያህል አልያዘለትም። ለእኔ እንዳትነግረኝ ደግሞ አስምሏት ኖሯል። እሱ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ያዳምጣል።

«አይዞህ» ልለው ፈለግኩ። አይዞሽ ሲለኝ የኖረው ግን እሱ ነው፤ ከእኔ አፍ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅበትም።

«ቀጥሎ የሚገባው ምንድን ነው አባዬ?» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «መጀመሪያ እነዚህን አቅኚያቸው» አለ።

እሱ እየነገረኝ የተጣመሙትን አቀናሁ። ለተቆረጠችው ግን ሁለታችንም የምናደርግላት ነገር አልነበረም። ፕሮሰሰሯን እግር እንደጎደላት ቦታዋ አስቀመጥኳት። ራም የሚሉትን የማስታወሻ ካርድ፣ ማራገቢያውን፣ ገመዶቹን ተራ በተራ አስገባሁ። «ቀስ። አሁን ጫን። ጠቅ ማለቱን ሰማሽ?» ይለኛል። ሰማሁ እለዋለሁ። እናቴ ብሎኖቹን ሰብስባ መዳፏ ላይ ይዛ ታቀብለኛለች። ማንም ተነስቶ ነገሩ አከተመ ማለት አልቻለም።

ማብሪያውን ለእሱ ተውኩለት። በሙሉ መዳፉ ተጫነውና እጁን መልሶ ጭኑ መሀል ከተተው። ማራገቢያው ዞረ፣ ሰማያዊ መብራት በራ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

አንዳንዴ ይዘገያል አለ። እኔም ይዘገያል አልኩ። እናቴም ወንበር ስባ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይቶ ቀኝ እጁን ከጭኑ መሀል አወጣና ከኬዙ ኋላ፣ አየሩ በሚወጣበት በኩል ዘረጋው። «ትተነፍሳለች» አለ። ማራገቢያው ይዞራል። ጣቶቹ እዚያው ይንቀጠቀጣሉ። ለማያውቅ ሰው ነፋሱ የሚያርገበግባቸው ይመስላል።