የጓሮ ማድ ቤት ፈቃድ

ወይዘሮ ስንቅነሽ ለልጃቸው ለትርንጎ ሠርግ የሚሆን ማድ ቤት በጓሯቸው ለመሥራት ካመለከቱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። የከተማው አየር ከተበላሸ ወዲህ ከቤት ውጭ እሳት የሚነደው፣ በመዝገብ ላይ ያለው የቤቱ ሰው ሁሉ በአሻራው ሲስማማ ብቻ ነው።

"እናቴ፣ የእርስዎና የትርንጎ አሻራ ገብቷል" አላቸው የፈቃድ ክፍሉ ሠራተኛ። "የይርጋ ብቻ ነው የቀረው።"

"ልጄ ይርጋ ሥራ ፍለጋ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።"

ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲህ ወይ እሱ ይፈርማል፣ ወይ እርስዎ ማረፉን ያስመዘግባሉ። ሌላ መንገድ የለውም።"

ለሠርጉ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው። ወይዘሮ ስንቅነሽ አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የአሻራ መቀበያው መስታወት ላይ አሳረፉ። መስታወቱ ቀዘቀዛቸው እንጂ ሌላ ምንም አልተሰማቸውም።

ሠራተኛው ትንሽ አመነታ። "ሐዘን ላለበት ቤት ደግሞ የሦስት ቀን እሳት ይፈቀዳል። ልጨምርልዎ?"

"አይ ልጄ፣ የሠርጉ ይበቃኛል።"

ቤት ሲደርሱ ትርንጎ በር ላይ ጠበቀቻቸው። "እማዬ፣ ፈቀዱልን?"

"ፈቀዱልን።"

ትርንጎ እልል ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ አደረጉና፣ ግንበኛው ነገ በጠዋት እንዲመጣ ደውዪለት አሏት።

"የጥሪ ካርዱን አድዬ ጨረስኩ" አለች ትርንጎ። "ግን ማን ያውቃል፣ ለይርጋ አንድ ላስቀምጥለት?"

"አስቀምጪለት" አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ።