ሁለተኛው ዓይን

«አባ፣ ካሜራው ከቀለሙ ሥር ያለውን ያሳየናል እንጂ ምንም አይነካም» ብላ የቅርስ ባለሙያዋ ስትምልላቸው ነው ሽማግሌው ቄሰ ገበዝ የሥዕሉን መጋረጃ የገለጡላት።

በሥዕሉ ግርጌ የቆመው ሰው ሁለት ዓይን አለው። ስክሪኑ ላይ ግን በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። የአገራችን ሠዓሊ እንዲያ የሚስለው ኃጥኡን ነው።

«ይዩልኝ፣ አባ! ሁለተኛውን ዓይን በኋላ ሰው ጨምሮበታል» አለች ባለሙያዋ በደስታ። «ምስሉን አሁኑኑ ለቢሮ ላክሁት። ማን ይሆን የጨመረው?»

ገበዙ መቋሚያቸውን ጨበጡ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሰውየው አባቴ ናቸው። ያኔ ዲያቆን ነበርኩ፤ እናቴ እያፈረች ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወች።» መጋረጃውን መለሱት። «ምንም አይነካም ብለሽኝ ነበር እኮ።»