የኢላማው ጠመንጃ

ሰውዬው ለእሁድ የኢላማ ጨዋታ የሚሆነውን የመጀመሪያ የአየር ጠመንጃውን ሊመርጥ የሚስቱን አባት ይዞ ሄደ። ሃምሳ አለቃ ሽመክት ዕድሜያቸውን በውትድርና የጨረሱ ናቸው። እሱን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «አንተ ሰውዬ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ዛሬ አነጣጥሮ ሲመታ ቢያዩ ምናልባት ይለዝቡለት ይሆናል።

መንገድ ዳር ኢላማ የሚያጫውተው ሰው አሮጌ ጠመንጃውን ለሽያጭ አውጥቷል። ተጫዋቾች ሽልማቱን ጠራርገው እንዳይወስዱበት አፈሙዙን ወደ ቀኝ አጣሞት ነበር። ገዢው ግን ለዓመታት የዚያ ጠመንጃ ደንበኛ ስለነበረ ኢላማ ሆኖ ከተደረደረው ቆርኪ ወደ ግራ ማነጣጠር እንዳለበት ያውቃል። በሌላ ጠመንጃ መትቶም አያውቅም።

ወደ ግራ አነጣጠረ፤ ቆርኪው ዘሎ ወደቀ።

«እስቲ አምጣው» አሉ ሃምሳ አለቃ። ሌላውን ቆርኪ መሃል ለመሃል አነጣጥረው ተኮሱ፤ ሳቱ። ደገሙ፤ ሳቱ። አጫዋቹ ጉሮሮውን ጠረገ። አዛውንቱ ጠመንጃውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ።

«ዓይኔ አልቆለታል ለካ።»

«ኧረ አባባ፣ ምናልባት ጠመንጃው…»

«ጠመንጃውማ ደህና ነው። አንተ መታህበት አይደል?» ትከሻውን ተደገፉ። «ከእንግዲህ መንገዱንም የምታሳየኝ አንተው ነህ። ግዛው፣ ልጄ።»

ገዢው ስለ ጠማማው አፈሙዝ ሊናገር የከፈተውን አፉን ዘግቶ ገንዘቡን ከኪሱ አወጣ።