አራት ስፌት በአንድ ጎን

ሰማያዊ ቀሚሷን ገልብጣ መስኮቱ ጋ ይዛዋለች። የጎኑን ስፌት በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች፤ ወፍራም ነው። ሰሞኑን ብብቷ ስር ሲቆረቁራት የከረመው ይሄ ነው። እሷ ደግሞ እብጠት መስሏት ሰው ሳያያት ስትነካካው ነበር።

አንድ መሆን የነበረበት ስፌት አራት ሆኗል። አራቱም ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ካለፈው በጥፍር ስፋት ወደ ውስጥ ገብቶ ተሰፍቷል። በሌላውም ጎን እንዲሁ። የባሏን እጅ ደግሞ ከመቶ ልብስ ሰፊ መሃል ትለየዋለች፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሚሰፋው ልብስ ሁሉ ቁልፍ የምትተክለው እሷ ናት።

"ልብሴን ነክተሃል?" ትላለች፣ ቤቱንና ሱቁን የሚለየውን መጋረጃ ገልጣ።

የስፌት መኪናው ቀጥ ይላል። "የቱን?"

የቱን። አንድ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ተመልሳ ግራጫውን ከማንጠልጠያው ታወርዳለች፤ ያው ነው። ባለ አበባውም ያው።

ሐኪሙ እንድትከሳ ጨጓራዋ ላይ ቀለበት ካሰረላት አራት ወር ሆኗታል። አራት ወር ሙሉ ሾርባ በሻይ ማንኪያ ትጠጣለች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ድንች ሃያ ጊዜ ታኝካለች። ረስታ ቶሎ ከዋጠች ጉርሻው ደረቷ ላይ ይቆምና እየሮጠች መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ይሁን ብላ ችላዋለች። ልብሷ ግን አልሰፋባትም። የክሊኒኩ ሚዛን አስራ ሦስት ኪሎ ቀንሰሻል ይላታል፤ እሷ ምኗ ሞኝ ነው? ሚዛኑም የእነሱ፣ የምታነበው ነርስም የእነሱ። ጎረቤት ፊትሽ ከሳ ሲላት፣ ከማስመለሱ ነው ትላለች። የልብስ ሰፊ ሚስት የምታምነው ጨርቅ ነው።

ስለዚህ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አላት። ሐኪሙ በመርፌ ፈሳሽ ጨምሮ ቀለበቱን እንዲያጠብቅላት ትጠይቀዋለች። ባለፈው፣ "ከዚህ በላይ ከጠበቀ ውሃም ላያልፍልሽ ይችላል" ብሏታል። ዛሬ ግን ምንም አያስመልሰኝም፣ እንደ ልቤ እየበላሁ ነው ብላ ልትዋሸው ቆርጣለች።

ባሏ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ይገባል። ሦስቱን ቀሚሶች አልጋው ላይ ተገልብጠው ሲያይ መግቢያው ላይ ይቆማል።

"እንዳይንዘላዘልብሽ ብዬ ነው" ይላል። "የልብስ ሰፊ ሚስት ሰፊ ልብስ ለብሳ ብትሄድ ደንበኛ ምን ይለኛል?"

ታየዋለች። ለደንበኛ ገና ያልቆረጠውን ሱሪ "ነገ ይደርሳል" ሲል የሚያሳየው ፊት ነው።

"ጨርቁን ለምን አልቆረጥከውም ታዲያ? ትርፉን ሁሉ አጥፈህ ውስጡ አስቀምጠሃል። ተመልሳ መወፈሯ አይቀርም ብለህ ነው። ከእህትህ ጋር ተማክራችሁ ነው።"

"እህቴን ምን አመጣት እዚህ?"

"ባለፈው እሁድ፣ 'ምነው፣ ያው ነሽ እኮ' ያለችኝ ማናት?"

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ይሄም አልጣማትም፤ ሌላ ውሸት እያዘጋጀ ይሆናል።

"እማዬን አልደረስሽባትም" ይላል በመጨረሻ። "ስትታመም ልብሷን የማጠብብላት እኔ ነበርኩ። በየወሩ፣ ሰፋብኝ፣ አጥብብልኝ ትለኛለች። መጨረሻ ላይ ቀሚሷ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።" አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። "አንቺ እንዳልታመምሽ አውቃለሁ። ደስ ሊለኝም ይገባ ነበር። ግን አንድ ቀን ግራጫው ቀሚስ ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው እማዬን ያየሁ መሰለኝ። ላንቺ ብዬ አይደለም ያጠበብኩት፣ የኔ ዓለም። እኔ እንዳላይ ነው። መቁረጡ ደግሞ አልሆነልኝም።"

ፊቱን ትመረምራለች። ያንን የ'ነገ ይደርሳል' ፊት ትፈልጋለች፤ የለም። ንዴቷ ግን አልበረደም።

"እኔ እኮ በእንቅልፌ እየተነሳሁ የምበላ መስሎኝ ነበር" ትላለች። "ድስቱ ክዳን ላይ ክር አስሬ ነበር የምተኛው። ጠዋት ክሩ እንደታሰረ ሳገኘው፣ ፈትቼ መልሼ አስሬው ይሆን ብዬ ራሴን እጠረጥራለሁ። ዛሬ ደግሞ ሐኪሙን ዋሽቼ ላስጠብቀው ነበር። ውሃ እስከማይወርድልኝ ድረስ።"

ይህን አላሰበውም ነበር።

ሰማያዊውን ቀሚስ እንደተገለበጠ ታጠልቀዋለች። መተርተሪያውን ከመሳቢያ አውጥታ እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች።

"ተርትረው።"

"አውልቂውና..."

"እንደለበስኩት።"

ተንበርክኮ ይጀምራል። አራተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ዞሮ በሌላው ጎን። ክሩ ወለሉ ላይ እየተቆራረጠ ይወድቃል። የመጀመሪያው ስፌት፣ ለቀዶ ጥገናው ስትገባ የነበረው፣ ብቻውን ሲቀር ቀሚሱ ከወገቧ ይርቃል፤ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ቁልቁል ይንዘላዘላል። እውነት ነው ማለት ነው፤ ያቺ ነርስ አልዋሸቻትም።

እሱ ወለሉን እያየ ነው።

"እየኝ" ትለዋለች።

ቀና አይልም። እጁን ብቻ ወደ ጎኗ ይዘረጋል፣ ሁልጊዜ ልክ ሲወስድላት እንደሚያደርገው። መዳፉ ጨርቁን ይነካል፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይገባል። እሷ ጋ እስኪደርስ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀዋለች።